የአጨብጫቢው ቁርጥራጮች

ባሏን የሥራ ባልደረቦቹ «አጨብጫቢው» ይሉት ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ስድብ ይመስላል፤ ያውም አለቃ ንግግሩን ሲጨርስ እጁን ኪሱ ውስጥ ለሚከት ሰው! እሷ ግን ስሙ ከየት እንደመጣ ታውቃለች።

በዚያን ዘመን ፊልም ሲቀረጽ ምስሉን አንድ ማሽን፣ ድምፁን ሌላ ማሽን ነበር የሚይዘው። ኋላ ሁለቱን ለማጋጠም እንዲመች፣ ገና ሲጀመር ካሜራው ፊት የእንጨት ሰሌዳ «ጧ» ይደረጋል። ባሏ የመጀመሪያ ፊልሙን በጀመረበት ቀን የቡድኑ ሹፌር በሙሉ ክብደቱ ሰሌዳው ላይ ተቀመጠበትና ሁለት ቦታ ሰበረው። ዳይሬክተሩ ባሏም ቀኑ ከሚባክን ብሎ ራሱ ካሜራው ፊት ቆመና አጨበጨበ። አዲስ ሰሌዳ እስኪሠራ እጁ ለመደ፤ አዲሱ ሰሌዳ በር እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኖ ቀረ።

ሲተዋወቁ እሷ ልብስ ሰፊ፣ እሱ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበሩ። የተበጠሰውን ሲቀጥል ሲቀጥል ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ገባውና ተበድሮ ካሜራ ያዘ። ቴሌቪዥን ሲከፈት ደግሞ ካሜራ በየት በኩል እንደሚታይ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልተገኘ እሱኑ ወሰዱት፤ ፊልሙንም ጎን ለጎን ቀጠለ። ስቱዲዮው ከእሷ ልብስ መስፊያ ክፍል ብዙም አይሰፋም፤ ተዋናዮቹ ከመብራቱ ሙቀት የተነሳ በላብ እየተጠመቁ ድራማውን በቀጥታ ይጫወቱታል። አንድ ቀን የሳሎኗ መጋረጃ ጠፋባት። ማታ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ስታይ፣ መጋረጃዋ ከአንድ ሀብታም ነጋዴ ጀርባ ተሰቅሎ አገኘችው። ባሏ ሲመጣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ያምር እንደሆነ ጠየቃት።

መጋረጃውንስ ይቅር አለችው። ያንገበገባት ሌላ ነው። ጠዋት «በጊዜ እመጣለሁ» ብሎ ይወጣል፤ ራት ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል፣ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ልጃቸው አባቷን ሳታይ ትተኛለች። አንድ ቀን መርፌዋን አስቀምጣ ጠየቀችው።

«እዚያ ሆነህ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ እልሃለሁ?»

«ካሜራ ሲዞር የሚስት ነገር ማን ያስባል?» አለና ሳቀ።

ቀልድ መሆኑ አልጠፋትም። ቢሆንም ሆዷ ውስጥ ቀረ። እሷ መልሳ አላነሳችው፣ እሱም ቀልዱን አላረመው፤ እንዲሁ አብረው አረጁ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ማንንም ሳያስቸግር አረፈ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ቢፈለግ የለም። ፎቶ አንሺው ሁልጊዜ እሱ ነዋ! ያለችው አንድ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ናት፤ እሷም ላይ በስርቆት የተያዘ ይመስላል። ሥራዎቹም አልተረፉም። ኋላ ድራማው በካሴት መቀዳት ሲጀምርም፣ ካሴት ውድ ስለነበር በድራማው ላይ ዜና፣ በዜናው ላይ የኳስ ጨዋታ ተቀድቶበታል። ፊልሞቹን ውሃ በላቸው፤ ይሄ እንኳ አባባል አይደለም፣ የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ሴትየዋን ግን ከሁሉም በላይ ያሳዘናት ያ ጥያቄ ነበር። ከእንግዲህ ማንን ትጠይቅ?

ዓመቱ ሲገባደድ «መቀስ» ላከችባት። መቀስ የባሏን ፊልሞች ስትቆርጥና ስትቀጥል የኖረች ሴት ናት፤ እሷም ጡረታዋ ደርሶ ክፍሏን እያጸዳች ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነው ክፍል ውስጥ፣ ምስልና ድምፅ አጋጥሞ የሚያሳየው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከመደርደሪያ ላይ ክብ የፊልም ቆርቆሮ አወረደች።

«እትዬ፣ ጭብጨባው ፊልሙ ውስጥ አይገባም፤ ተቆርጦ ይጣላል» አለች። «እኔ ግን የማውቀውን ሰው ፊት ቅርጫት ውስጥ መጣል አልሆነልኝም። ከነድምፁ አስቀመጥኩት።»

ደብተር የምታክለው የጠረጴዛው መስታወት በራች። ባሏ ብቅ አለ፤ ቀጭን፣ ጸጉራም፣ እሷ ራሷ አንገትጌውን አጣማ የሰፋችለትን ሸሚዝ ለብሷል።

«ትዕይንት አንድ። ልጆች፣ ዛሬ በጊዜ እንጨርስ፤ ቤት የምትጠብቀኝ አለች።» አጨበጨበ።

ቀጣዩ ቁራጭ ላይ ቦርጭ አውጥቷል። «በጊዜ እንጨርስ፤ የምትጠብቀኝ አለች።» አጨበጨበ። ቀጥሎ መነጽር አደረገ፣ ቀጥሎ ግንባሩ ሰፋ፣ ቀጥሎ ሸበተ። ቃሉ ያው ነው። አንዱ ላይ ከካሜራው ጀርባ ያለ ሰው፣ ትናንትም እንዲሁ ብሎ እንደነበር ሲያስታውሰው ሁሉም ሳቁ።

«የዛሬው የምር ነው» አለ ባሏ፤ አጨበጨበ።

ሴትየዋ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ እንባዋ መጣ፤ ደስ ብሏታል፣ ተናዳለችም።

«ውሸታም» አለችው መስታወቱን። «አንድ ቀን እንኳ በጊዜ አልመጣህም።»

መቀስ ማሽኑን ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ ያዘቻት።

«ተይው። ከመጀመሪያው መልሺልኝ» አለች። «ዛሬም እጠብቀዋለሁ።»