ወደ ሐይቁ ያልወረድኩበት ጠዋት

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከሰሚራ ጋር ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ሰሚራ ደሴ ታስተምራለች፤ ልትጠይቀኝ ስትመጣ አንድ ዓይኗ እኔ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። ድንገት ቀና አለችና፣ «አባ፣ አሁን የተቀመጥንበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ሁለት ሺህ ሠላሳ ገደማ» አልኳት፣ ብርጭቆዬን ከአፌ ሳላነሳ።

ስልኳን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። «ሁለት ሺህ ሠላሳ ሁለት ይላል! በምን አወቅህ?»

በምን አወቅሁ! ይህን ቁጥር ረስቼው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። የሚስቴን ስልክ ቁጥር በቃሌ አልይዝም፣ መድኃኒቴን በስንት ሰዓት እንደምውጥ በየቀኑ እጠይቃለሁ፤ ይቺ ቁጥር ግን አርባ ዓመት ሙሉ ከራሴ አልወጣችም። በመልሱ ፋንታ፣ «እስቲ ባጃጅ ጥሪና ወደ ሐይቁ እንውረድ» አልኳት። ጉልበቴ ቁልቁለቱን አይወደውም፣ እሷም ይህን ስለምታውቅ ገርሟት አየችኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ባለፈ በዓመቱ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ዘር ለሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ከፍታ ለኪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ገበሬው በረሃቡ ጊዜ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ቆርጥሞ ጨርሶታል። ስለዚህ ዘር ይሰጠዋል፤ ምን ዘር እንደሚሰጠው የሚወስነው ግን የመንደሩ ከፍታ ነው። ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር በላይ ያለ መንደር ገብስ ያገኛል፣ ከዚያ በታች ያለ ደግሞ ከቆላ የመጣ የማሽላ ዘር። መስመሩን ያሰመረው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው። አምባሰልን በእግሩ ወጥቶ ወርዶ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በማስመሪያ አያሰምርም ነበር፤ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?

መለኪያዋ የኪስ ሰዓት የምትመስል፣ ከሰዓት ተለቅ ያለች ክብ ነገር ናት። የአየሩን ክብደት ትመዝንና መርፌዋ ከፍታውን ታሳያለች። አንድ ጠባይ አላት፤ በየጊዜው ከፍታው የታወቀ ቦታ ወስደው ካላስተካከሏት ትዋሻለች። ድሮ ሰዓታችንን በሬዲዮ እንደምናስተካክለው ማለት ነው። የእኛ ሬዲዮ ሐይቁ ዳር ያለ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ነበር፤ ከፍታው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥር። ወደ መስክ ስንወጣ እዚያ ወርደን መርፌዋን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥር ላይ እናደርጋለን። ስንመለስም እዚያው ወርደን መርፌዋ ከቦታዋ አለመንቀሳቀሷን እናያለን። አለቃዬ ይህን ሲያስተምረኝ፣ «ድንጋዩን ሳትሳለም እንዳትሄድ» ነበር ያለኝ።

ያን ጠዋት አልተሳለምኩትም።

ሚያዝያ ሊያልቅ ነው። የበልጉ ዝናብ ጥሎ አባርቶ፣ መሬቱ ይሸታል። ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት በእግሬ ስዞር ከርሜ ነበር፤ የኮንጎ ጫማዬ ተረከዜን ልጦት እያነከስኩ ነው። ሐይቅ ከተማ አድሬ በጠዋት ሻይ ቤት ገባሁ። ከከተማው እስከ ሐይቁ መውረጃው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። መውጫው ግን ዳገት ነው፣ በዚያ እግር ደግሞ ለዓመት የሚበቃ ዳገት። ትኩስ ፓስቲ ከዘይቱ እየወጣ ነው፤ ሻዩ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። የውጫሌው አውቶቡስ ረዳት «ውጫሌ! ውርጌሳ! መርሳ!» እያለ ይጮሃል። ያመለጠው ሰው ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ሲለምን ነው የሚውለው። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ሐይቁን አየሁት፤ እዚያው ታች፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት መሰለኝ። «ከዚህ እዚያ ምን አላት!» አልኩና ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መርፌዋን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥር ላይ አደረግኋት። ሁለተኛ ፓስቲ አዘዝኩ።

በሦስት ቀን ስምንት መንደር ለካሁ። ሰባቱ ምንም የሚያከራክር ነገር አልነበራቸውም፤ ወይ ከመስመሩ በጣም በላይ ናቸው ወይ በጣም በታች። ስምንተኛው ቀጋ አምባ የሚሉት፣ ከውጫሌ ግማሽ ቀን ሽቅብ የሚያስኬድ፣ የአምባሰል ገደል ሥር የተለጠፈ መንደር ነው። ስደርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ እንድሪስ ሰዉን ከዋርካው ሥር ሰብስበው ጠበቁኝ። መለኪያዋን አወጣሁ። ሕፃናቱ ተንጠራሩ፣ ሽማግሌዎቹ ቀረብ አሉ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥር።

«ማሽላ ነው የሚደርሳችሁ» አልኩ።

ማጉረምረም ተነሳ። ከሴቶቹ መካከል አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሿን ያጠበቀች ሴት ብድግ አሉ። እማማ ዘሐራ ይባላሉ።

«የኔ ዓለም፣ ማሽላ እዚህ አይበስልም» አሉኝ። «ይበቅላል፣ ይረዝማል፤ ከዚያ ኅዳር ላይ ውርጭ ይበላዋል። ይህ ደጋ ነው።»

«እማማ፣ መሣሪያው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥር ነው የሚለው። ወይና ደጋ ነው።»

«እኔም መሣሪያ አለኝ እኮ» አሉ። «መርሳ ልጄ ዘንድ የባቄላ ንፍሮ ስጥድ አንድ እቅፍ እንጨት ይበቃኛል። እዚህ ያው ባቄላ፣ ያው ድስት፣ ሁለት እቅፍ ይፈጅብኛል። ውጫሌ እህቴ ቤት አንድ ተኩል። አገር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ንፍሮ አልበስል ይላል። በዚህ እንጨት በጠፋበት ዘመን ደግሞ የማይቆጥር ሰው የለም፤ ወላሂ አልተሳሳትኩም።»

ሰዉ ሳቀ፤ በእሳቸው አይደለም፣ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር የሳቀው። እኔ ግን በእኔ የሳቁ መሰለኝ። ጋሽ እንድሪስ ጺማቸውን እያሻሹ፣ «ልጄ፣ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው የሚባለው። እስቲ ነገሩን አንዴ አስብበት» አሉኝ።

እግሬ እየነደደ ነው፤ ሳይመሽ ውጫሌ መውረድ አለብኝ። «መሣሪያ አይሳሳትም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እውነቴን ነው፤ መሣሪያዋ አልተሳሳተችም። እማማ ዘሐራ አንዴ አዩኝና፣ «እሺ፣ የተማረው አንተ ነህ፤ አሏህ ይወቀው» ብለው ተቀመጡ።

ጋሽ እንድሪስ ቁልቁለቱ አፋፍ ድረስ ሸኙኝ። «ይችን ሴትዮ አትቀየማት» አሉኝ። «ባሏም ወንድ ልጇም በሰባ ሰባት ነው የሞቱት። ልጅቷ መርሳ ነው ያለችው፣ ነይ ውረጂ ትላታለች። እሷ ባሌን ከቀበርኩበት አልለይም ብላ ነው። ዘንድሮ ካላመረተች ግን የምትበላው የላትም፣ መውረዷ አይቀርም። ከወረደች ደግሞ መሬቱ ለሌላ ይደለደላል፤ እኔም ላስቀርላት አልችልም፣ ሕጉ ነው።» ሰማሁ፤ እሺ እሺ እያልኩ ሰማሁ። ልቤ ያለው ውጫሌ፣ እግሬን የምነክርበት የሞቀ ውሃ ላይ ነበር።

በማግስቱ ሐይቅ ስደርስ፣ አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ አወረደኝና ወደ ድንጋዩ ወረድኩ። ምን እንዳስወረደኝ አላውቅም፤ መዝገቡ ላይ የመመለሻውን ቁጥር መሙላት ስላለብኝ ይሆናል። መለኪያዋን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳት። መርፌዋ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ላይ ቆመች። መታ መታ አደረግኋት፤ ንቅንቅ አላለችም። በእሷ አቆጣጠር እኔ ያለሁት ከውሃው መቶ ሃያ ሜትር በታች፣ ከሐይቁ ወለልም አልፌ ጭቃው ውስጥ ነበር። አንድ አሣ አጥማጅ ከታንኳው ላይ ሆኖ፣ «ምነው ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ሻይ ቤቷና ሐይቁ መካከል መቶ ሃያ ሜትር አለ። ያን የሚያህል ይሆናል ብዬ ጨርሶ አልገመትኩም ነበር። መደመር አያቅተኝም፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥር ላይ መቶ ሃያ፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ። ሌሎቹ ሰባት መንደሮች ቢደመርባቸውም ያው ናቸው። ቀጋ አምባ ብቻ በሠላሳ ሜትር መስመሩን ታልፋለች። ገብስ ናት። የእማማ ዘሐራ ሁለት እቅፍ እንጨት ልክ ነበር።

ማድረግ የነበረብኝ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ስነሳ ድንጋዩ ጋ አልወረድኩም፣ ቁጥሮቹ ላይ መቶ ሃያ ይጨመር ብዬ። ሁለት መስመር አይሞላም። ግን በዚያ ዘመን ስህተት ስህተት ተብሎ አይቀርም፤ አሻጥር ይባላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ደሴ ውስጥ አይቼ ነበር። ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ ነው ብል ግን ዋሸሁ፤ ደክሞኝም ነበር። እንደገና መጠየቅ፣ እንደገና መውጣት፣ ያን ሁሉ ሰው ከዋርካው ሥር ሰብስቦ ተሳስቼ ነበር ማለት... ሳስበው ብቻ ታከተኝ። መዝገቡ ላይ «ሲመለስ፦ 1910» ብዬ ሞላሁና ፈረምኩ።

ኅዳር ላይ ምርት ገምት ተብዬ ተላክሁ። ሌላ ሰው እንዲሄድልኝ ለምኜ ነበር፣ አልተገኘም። ከውጫሌ ሽቅብ ስወጣ ታች ያለው ማሽላ ቀልቶ አንገቱን ደፍቷል፤ ወፍ ጠባቂዎች ወንጭፋቸውን ያጮሃሉ። ቀጋ አምባ ስደርስ ግን ጸጥ ያለ ነው። ወፍም የለ። ማሽላው ቁመቱ ከሰው በላይ ሆኖ፣ ቅጠሉ እሳት እንደነካው ጠውልጎ፣ ዘለላው ባዶውን ቆሟል። ጋሽ እንድሪስ ሰላምታዬን ተቀብለው ማሳውን በእጃቸው አሳዩኝ። ከመንደሩ ሰው በሬ ያለው በሬውን ሸጦ፣ ጉልበት ያለው የቀን ሥራ ሄዶ ዓመቱን ሊገፋው ይሞክራል አሉ።

እማማ ዘሐራ ማሳቸው ውስጥ ነበሩ፤ አገዳውን ለማገዶ እየቆረጡ። ሲያዩኝ ማጭዱን አስቀመጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ጥሩ ነበር። አንድ አገዳ መርጠው ልጣጩን አንስተው ሰጡኝ።

«እንካ፣ ዳገቱ አድክሞሃል። ፍሬ ባይሰጥም አገዳው ይጣፍጣል።»

ተቀበልኩ። መጠጥኩት። ጣፋጭ ነበር። ጣፋጭ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

«መሣሪያህ ምን ነካው፣ ልጄ?» አሉኝ። ተንኮል የለበትም፤ እንዲያው ማወቅ ፈልገው ነው።

ያኔ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። የሚሰማን ሰው አልነበረም፤ እሳቸው፣ እኔና ያ የደረቀ ማሽላ ብቻ ነን። «አየሩ ነው» አልኩ። «ዘንድሮ አየሩ ተለዋውጦ ነው፣ እማማ።»

«አየሩንማ እኔም ነግሬህ ነበር» አሉ። ፊቴን አይተው፣ «አብሽር፣ የአሏህ ሥራ ነው» ብለው እኔን አጽናኑኝ። እኔን! ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ድስትና አንድ አጎዛ ተሸክመው ወደ መርሳ ወረዱ። መሬቱም ተደለደለ።

ባጃጁ ሐይቁ ዳር አወረደን። ድንጋዩን ፈለግሁት፣ የለም፤ ውሃው ይብላው፣ ሰው ለቤት መሠረት ይውሰደው እንጃ። ሰሚራ ስልኳን አየች። «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት» አለች። እርጥብ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና እናቷም የማታውቀውን ይህን ሁሉ ነገርኳት። ንፍሮ በተጣደ ቁጥር እንጨት የምቆጥረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት፤ ለእሷም ለእናቷም እስካሁን የስስት ይመስላቸው ነበር።

«መርሳ ሄደህ ነግረሃቸዋል?» አለችኝ።

«ነገ እሄዳለሁ ስል ዓመታት አለፉ። መርሳ በአውቶቡስ ሩቅ አልነበረም። አንድ ቀን ውጫሌ ገበያ የቀጋ አምባ ሰው አገኘሁና ጠየቅሁት፤ ሞታለች አለኝ። መርሳ ነው የተቀበረችው።»

ሰሚራ ብድግ ብላ ባጃጁን ጠራችልኝ፣ ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። ወደ ከተማው ሽቅብ መውጣት ስንጀምር፣ «ደከመህ እንዴ፣ አባ?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «የደከመኝ ያኔ ነው።»