ባለቤቴ ኦፔራ የገባች ቀን

እዚህ ውጭ አገር፣ ላቨርተን ኖርዝ ካሉት የመጋዘን ሠራተኞች ኦፔራ የምወድ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሳምንቱን ፎርክሊፍት ስነዳ እከርምና ሸሚዜን ተኩሼ ኦፔራ እገባለሁ። ለዓመታት የሄድኩት ብቻዬን ነው። ባለቤቴን በለመንኳት ቁጥር፣ «ለጩኸት ለጩኸትማ እዚሁ ፍሌሚንግተን የምንኖርበት ፎቅ ምን አነሰው?» ትለኛለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነውና ልመናዬን አልተውኩም፤ እውነቱን ለመናገር፣ አጠገቤ ሁልጊዜ የማላውቀው ሰው ሲቀመጥ ይከፋኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት እሺ አለች። ሐሳቧን ሳትቀይር የቅዳሜ ከሰዓቱን ትኬት ቆረጥኩ። ትራም ውስጥ ሥርዓቱን አስጠናኋት፦ ስልክ ይጠፋል፣ አይሳልም፣ ሌላው ሳያጨበጭብ አይጨበጨብም።

«ቅዳሴም እንዲህ አያስጨንቅ» አለችኝ።

እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ደህና ነበረች። መድረኩ ላይ ልጅቷ በጠና ታማ ተኝታ፣ ፍቅረኛዋ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ሲዘፍን ብቻ፣ «ከሚዘፍን ለምን ሐኪም አይጠራም?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ልጅቷም ዘፍና ዘፍና ሞተች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኦፔራ ሁሉ አብልጬ የምወዳት ያቺን ጸጥታ ነው።

ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ደረቷን እየደቃች፣ «ወይኔ ልጄን፣ ወይኔ በአበባነትሽ» ብላ ለቀቀችው። የፊታችን ሦስት ረድፍ በሙሉ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ቲያትር እኮ ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

«ታዲያ ሰው ሞቶ ዝም ይባላል? አንተስ እንዴት ዓይንህ ደረቀ?» አለች፣ እሷ በሹክሹክታ ሳይሆን።

በእነዚያ ዓመታት ስንቷ ስትሞት አይቻለሁ፤ እንባ ቀርቶ ሳል እንኳ አላመለጠኝም። ሟቿ ተነሥታ ለተመልካቹ እጅ ስትነሣ ባለቤቴ አማተበች።

ስንወጣ ቀድሜያት ወደ ትራሙ ማቆሚያ ገሰገስኩ። አፍሬያለሁ፤ ከማፈሬም በላይ፣ የስንት ዓመት ልመናዬ በአንድ ከሰዓት ማለቁ ቆጨኝ። ሁለተኛ አብራኝ እንደማትመጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

ትራም ስንጠብቅ ዓይኗን ጠረገችና፣ «ማክሰኞም ትሞታለች?» አለችኝ።

«ማክሰኞም፣ ሐሙስም፣ ቅዳሜም። ወሩ እስኪያልቅ ትሞታለች።»

ነጠላዋን መልሳ አስተካከለች።

«እነዚህ ሰዎች አያለቅሱላትም» አለች። «ለቅዳሜም ሁለት ትኬት ቡክ አድርግልን።»