የጋሽ ሳህሉ ኮት ገበር

ዘርፈሽ የስፌት መኪናዋን ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ጭና፣ ንሳምብያ እስከሚባለው የካምፓላ ሰፈር ድረስ የወጣችው በአንድ ኮት ምክንያት ነው።

ኮቱ የጋሽ ሳህሉ ነበር። ጋሽ ሳህሉ በአገራቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ካምፓላ ተሰደው ከመጡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዕድሜያቸው ሰባ ሊሞላ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ የደም ብዛትም አለባቸው። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ካመለከቱ ከቆዩ በኋላ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2005 ለሕክምና ምርመራ ተጠሩ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ሰኞ ጠዋት የኮታቸው ኪስ ተቀዶ ስለነበር ለዘርፈሽ ትተውላት ሄዱ።

ዘርፈሽ የምትሰፋው ኦልድ ካምፓላ፣ አዲሱ ትልቅ መስጊድ ከሚሠራበት ኮረብታ ሥር፣ ከአንድ የጅምላ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። የኮቱን ገበር ስትተረትር አንድ ነጭ ነገር ጭኗ ላይ ጠብ አለ። ቁልፍ መሰላት። አንስታ አየችው፤ ክኒን ነው። ገበሩን አራገፈችው። ሌላም ወጣ፣ ሌላም። አሥራ ሰባት ሆኑ።

መቀሷን አስቀመጠች።

ዘርፈሽ አሰላ እያለች ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበረች። እዚህ በሙያዋ የሚያሠራት ወረቀት ስለሌላት ወደ መርፌና ክር ዞረች፤ ሆኖም የድሮው ሥራ ከእጇ አልወጣም። ደም ብዛት ላለባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሰባት ኪስ ያለው ጨርቅ እየሰፋች ሰጠቻቸው፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ኪስ። ፊታቸውን ከሚታጠቡበት አጠገብ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ እሷ እሑድ እሑድ እየዞረች ሐኪም ያዘዘላቸውን ክኒን ትሞላላቸዋለች። ለእማማ ሙህሲና፣ ረመዳን ሲገባ የመዋጫ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያዛውሩት ከሐኪማቸው ዘንድ አብራቸው ሄዳ ጠይቃላቸዋለች። የሰፈሩ ካርታ ተጫዋቾች «የክኒን ፖሊስ» ይሏታል። እሷም ማዕረግ አነሰኝ ትላቸዋለች።

የጋሽ ሳህሉ ጨርቅ እሑድ እሑድ ባዶ ሆኖ ነበር የሚጠብቃት። በየቤቱ «እንደ ጋሽ ሳህሉ ሁኑ» እያለች ስታመሰግናቸው ከርማለች። ለካ ክኒኑ ከጨርቁ ኪስ ወደ ኮቱ ኪስ፣ ከኮቱ ኪስ በቀዳዳው ወደ ገበሩ ሲጓዝ ነበር።

ቤታቸው ንሳምብያ ድረስ ሄዳ ጠየቀቻቸው። አልካዱም። ካርታ ከሚጫወቱበት የሰሙት ነው፤ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው ኬዙ፣ ማለትም የጉዞ ጉዳዩ፣ ይፈጥንለታል ተብሏል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት የሚያስደነግጥ ቁጥር ይዘው ሊቀርቡ መድኃኒቱን ከተዉ ሳምንታት አልፈዋል። ስምንት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ዘጠነኛውን አልጠብቅም አሉ።

ያኔውኑ አስነስታ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ግፊታቸው ሁለት መቶ በመቶ አሥር ሆነ። ጋሽ ሳህሉ ቁጥሩን ሲሰሙ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ፈገግ አሉ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ዛሬውኑ ክኒኑን እንዲጀምሩ፣ ያለፈውን ለማካካስ ደርበው እንዳይውጡ፣ ራስ ምታት ወይም የአንድ ወገን መዛል ከመጣ ወደ ሆስፒታል እንዲሮጡ ነገራቸው። ጋሽ ሳህሉ እሺ አሉ። ከበሩ ሲወጡ ግን «ሐሙስ ማታ እውጣለሁ» አሉ።

ዘርፈሽ ይህን ቃል ታውቀዋለች። ባሏ ሀብተ ጊዮርጊስም ሲያመኝ እውጣለሁ ይል ነበር። ደም ብዛት ግን ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። እሷ የተማረችው ይህንኑ ነበር፤ ሆኖም ባል ነው፣ ትልቅ ሰው አይጨቀጨቅም ብላ ዝም አለች። አንድ ማለዳ፣ እዚሁ ካምፓላ፣ የጫማውን ክር እያሰረ ወደ ጎን ዘመም አለ። ሌላው ወሬ አይረባም።

ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋን ቦዳ ላይ አስጭና ንሳምብያ ወጣች። ባለ ቦዳው ሴትዮዋን ነው ወይስ መኪናውን ነው የምይዘው እያለ ሳቀባት። ከጋሽ ሳህሉ በር ፊት በርጩማ ሳበችና መስፋት ጀመረች።

ጋሽ ሳህሉ በሩን ከፍተው አዩዋት። የሰው ልብስ እየሰፋሽ ደጄ ምን ትሠሪያለሽ አሉ። መስፋት ነው አለች፣ ኦልድ ካምፓላ አቧራው በዛ። በሩን ዘጉ። እስከ ቀትር አልወጡም። አከራይቱ ማቶኬ፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ አምጥታ ለዘርፈሽ ሰጠቻት፤ ጎረቤቶቹም የልጆቻቸውን ዩኒፎርም ይዘው መጡ፤ ደጁ ሰው በሰው ሆነ። የመኪናው ድምፅ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ጋሽ ሳህሉን እንቅልፍ ነሳቸው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ወጡ።

«ቤቴን ገበያ አደረግሽው።»

«ክኒኑን ይዋጡ፣ ገበያውን እበትናለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ አይደለሁ፣ አባትሽ አይደለሁ። ምን አገባሽ?»

ዘርፈሽ እጇን ከመኪናው ላይ አነሳች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ሀብተ ጊዮርጊስን ዝም አልኩት፣ ጋሼ። ጨዋ ሚስት ነበርኩ። ያ ጨዋነት አብሮት ተቀብሯል። ቀብሩ ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ እርስዎ ነዎት። ለርስዎ አካፋ ማን እንደሚይዝ እንጃ፤ እኔ ግን አልይዝም።»

ጋሽ ሳህሉ ከሀብተ ጊዮርጊስ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ይጫወቱ ነበር። ወደ ውስጥ ተመልሰው ከማክሰኞ ኪስ ክኒኗን አወጡ፤ ውሃ ቀዱ፤ ከፊቷ መጥተው ዋጡ።

«አፍዎን ይክፈቱ» አለች።

ሽማግሌ አፍህን ክፈት አይባልም፤ ይህን ካምፓላም ያውቃል። ጋሽ ሳህሉ ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ከፈቱ። ምላሳቸውንም እስከ ሥሩ አወጡት፤ ለመታዘዝ ሳይሆን ለመሳደብ ነበር። እሷ ግን በደንብ አየች። ረቡዕና ሐሙስ ማለዳም መኪናዋን ይዛ መጣች፤ ሁለቱ ቀናትም እንዲሁ አለፉ።

ሐሙስ ሲለኩ ግፊቱ ወረድ ብሎ ተገኘ፤ ገና ጤነኛ ባይባልም የሚያስደነግጥ አልነበረም። ጋሽ ሳህሉ እንደፈሩት ማንም አልደነገጠም። የመረመራቸው ሰው መድኃኒትዎን አያቋርጡ አላቸው፤ ስለ ጉዞው ግን ወረቀትዎ ሲታይ ይነገርዎታል እንጂ በግፊት የሚፈጥን የለም አላቸው። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ ደብዳቤ አልመጣም።

ጋሽ ሳህሉ የካርታ ጓደኞቻቸው ፊት ዘርፈሽን ወቀሱ። በኮረብታው ሥር ሲያልፉም በግልጽ ነገሯት፤ ኬዜን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ አሉ።

«ይውቀሱኝ» አለቻቸው። «የሞተ ሰው አይወቅስም።»

ኮታቸውን የመለሰችላቸው ያን ቀን ነው። ገበሩን በአዲስ ጨርቅ ለውጣዋለች፤ ክርኑን ደግፋዋለች፤ ሁለቱንም የጎን ኪሶች ግን በድርብ ክር ደፍናቸዋለች። ጋሽ ሳህሉ እጃቸውን ሊያስገቡ ሞከሩ፣ አልገባም። በሌላኛው ሞከሩ። ይህ ምን ዓይነት ኮት ነው ብለው ጮኹ፤ ክፈችልኝ አሉ። ደብዳቤው ሲመጣ እከፍተዋለሁ አለች፣ ያኔ የሚይዙት ነገር ይኖርዎታል።

ደብዳቤው አሁንም አልመጣም። ጋሽ ሳህሉ ግን ገበያ በወጡ ቁጥር በበረንዳው በኩል ያልፋሉ። እጃቸውን የሚያስገቡበት ስለሌላቸው ወደ ኋላ አጣምረው ይመጣሉ። ከዘርፈሽ ፊት ይቆማሉ፤ የጅምላ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን እስከ ሥሩ ያወጡባታል።

ዘርፈሽ መኪናውን ሳታቆም ቀና ብላ ታያቸዋለች።

«ነገም» ትላቸዋለች።