እታለምና የምጽዋው ሽርሽር

ሰው ስለ ባሕር ሲያወራ ደስ ይለዋል፤ እኔን ያናድደኛል። "ምጽዋን አይተሻል? ታድለሽ" ይሉኛል። አዎ አይቻለሁ። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም አይቻለሁ። ጀርባዬ ላይ የአየር ጠርሙስ ታስሮ፣ አፌ ውስጥ ጎማ ተወትፎ፣ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቴ ቀይ ባሕር ውስጥ ጠልቄአለሁ። ያውም በስድሳ ስድስት፣ ያውም ወሎ በረሃብ እንዲያ በሆነችበት ዓመት። ድንቄም መታደል።

የምንኖረው መካነ ሰላም ነበር። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ዕድገት አግኝቶ ወደ አሥመራ ተዛወረ። ዕቃ ታሰረ፣ ዶሮዎቹ ለጎረቤት ተሰጡ፣ የጭነት መኪና መጣ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችው፤ እታለምን ተሰናብታ ለመምጣት።

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት እናቴን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። እናቴ እታለም ስለምትላት እኛም እታለም አልናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ከከተማው የአንድ ቀን መንገድ ርቃ፣ ወደ ዓባይ ቆላ በሚያወርደው አፋፍ ላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በልጉ ቀርቶባታል፣ ክረምቱም እንዲያው ለይምሰል ዘንቦ አልፏል፣ በሬዋ ሞቷል። ክፉ ቀን ቢመጣ ከእኛ ቤት ሌላ የምትሄድበት እንደሌላት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

"መኪናው አይጠብቀንም" አላት አባቴ። "መሄዳችንን እኔ እልክባታለሁ። አሥመራ ገብተን ቤቱ ሲደላደል ደግሞ ሹፌር ልኬ አስመጣታለሁ።"

"አደራ እንግዲህ፤ እርስዎን አምኜ ነው" አለች እናቴ። አባቴን አንቱ ነበር የምትለው። ከሰው ፊትም ሆነ ከጓዳ፣ ተኳርፈውም እንኳ፣ አንቱ።

በወረኢሉ አድርገን ደሴ ገባን፤ ከደሴ ወደ ሰሜን ስንሄድ መንገዱ ግራና ቀኙ ሰው ነበር። የተቀመጠ፣ የተኛ፣ እጁን የዘረጋ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ዕቃው ላይ ተቀምጠን ስናይ አባቴ መኪናውን አስቁሞ ወረደና ሸራውን በላያችን ላይ አስጎተተው። "ንፋስ ይመታችኋል" አለን። ንፋስ። እስከ መቀሌ ድረስ በጨለማ ሄድን፤ ታዲያ ሸራ ድምፅ አይከለክልም።

አሥመራ የተሰጠን ቤት ቧንቧ ያለው፣ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ነው። እናቴ ትንሿ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አነጠፈች፤ የእታለም ነው፣ ማንም አይተኛበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ "ላኩባት?" ትላለች። "ልኬባታለሁ አልኩሽ እኮ" ይላታል። እኛን ደግሞ ከየት መጣችሁ ቢሏችሁ ከሸዋ በሉ ብሎ አስጠናን። ወሎዬ ሲባል ሰው ከንፈሩን መምጠጥ ጀምሮ ነበርና አባዬ ከንፈር እንዲመጠጥለት አልፈለገም። አዲስ የአለቃ ጠረጴዛ አግኝቷላ።

ከጥምቀት በኋላ የአባቴ አለቃ ምጽዋ ጋበዘን። ሰውየው ድሮ የባሕር ሰው ነበር፤ የመጥለቂያ ዕቃው ሁሉ የራሱ ነው፣ የሠራተኛ ልጆች ማስጠለቅ ይወዳል። አባቴ ዋና አይችልም። ዓባይን እንኳ በሩቁ ነው የሚያውቀው። አለቃው ሲጠራው ግን ዘሎ ገባ፤ እዚያ ወገቡ ድረስ ባለ ውሃ ውስጥ እየተንገዳገደ "እጅግ ግሩም ነው ጌታዬ" ይላል። ሳስበው አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል።

እናቴ በነጠላዋ ተሸፍና ጀልባው ላይ ተቀመጠች። "እርስዎስ አይሞክሩም?" ብሎ አለቃው ቢጠይቃት "እህቴ ስትመጣ አብረን እናየዋለን" አለችው። አባቴ ይህን ሰምቶ ወደ ውሃው ዞረ።

እኔ ጠለቅሁ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። አለቃው እጄን ይዞ አወረደኝ፤ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ ፊቴ ላይ ያልፋል፣ መሬቱ እንደ አበባ ማሳ ነው። ልጅ ነበርኩ፤ ልጅ ደስ ይለዋል። የልጅን ደስታ እንኳ እንዲያ አድርጎ ያበላሸብኝን ሰው ነው ይቅር በዪ የሚሉኝ።

ቀጥሎ የወንድሜ ተራ ሆነ። ውሃው ፊቱን ገና ሲነካው ጎማውን ተፍቶ ጮኸ፣ ተንፈራገጠ። እናቴ ከጀልባው ላይ ተንጠራርታ "አብሽር፣ አብሽር ልጄ፣ አለሁልህ" አለችው። አይዞህ ማለቷ ነው፤ እኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲያ ነው የሚለው።

አለቃው ወንድሜን ወደ ጀልባው እያነሳ ሳቀ። "ወሎዬ ነዎት እንዴ እመቤት?"

"ኧረ የለም ጌታዬ፣ ሸዋ ነን" አለ አባቴ ተሽቀዳድሞ። "ወሎ ስሠራ ከጎረቤት የለመደችው አነጋገር ነው።"

እናቴ አባቴን ዓይን ዓይኑን አየችው። "እኔ የመካነ ሰላም ሰው ነኝ" አለች ለአለቃው። "እህቴም እዚያው ናት። ልከንባታል፤ ሰሞኑን ትመጣለች።"

የሰውየው ሳቅ ጠፋ። "በዚህ ጊዜ? በየት በኩል አድርጋ ትመጣለች? ከደሴ የሚመጡት ሹፌሮች የሚያወሩትን አልሰሙም? እኛማ እንዳናወራ ተብለናል እንጂ።"

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። "በማን ነው የላኩባት?"

"በሹፌር።"

"በየትኛው ሹፌር?"

"አሁን ይኼ እዚህ የሚወራ ነው?"

"በማን ነው የላክህባት?"

አንተ አለችው። ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት፣ በአለቃው ፊት፣ በልጆቹ ፊት፣ አንተ አለችው። አባቴ የመጥለቂያውን መነጽር ከግንባሩ አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። ሲቸግረው፣ "ብትመጣስ? እሷ ስትመጣ ያገር ሰው ተከትሏት ይመጣል። ቤቱ የመንግሥት ነው። ለሰው ምን ልበል?" አለ። አልላከባትም። መሄዳችንን እንኳ አላሳወቃትም።

በማግሥቱ እናቴ ወንድሜን ለአባቴ ትታ፣ እኔን አስከትላ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ በስልቻ ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። አባቴ መናኸሪያ ድረስ ተከትሎን "ሰው ምን ይላል?" ሲል ነበር። ከአላማጣ ወዲህ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር እጆች በመስኮት ይገባሉ። እናቴ የራሷን ስንቅ በሙሉ ሰጠች፤ ስልቻውን ግን አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች። የእታለም ነዋ። ያን ጊዜ ፊቷ ምን እንደሚመስል አየሁ፤ ለዚያ ፊት ተጠያቂው ማን እንደሆነም አውቃለሁ።

መካነ ሰላም ስንደርስ እናቴ በቅሎ ተከራይታ ወደ አፋፉ ልትሄድ ነበር። ቀድማ የድሮ ቤታችንን በር አንኳኳች፤ ስለ መንገዱ ልትጠይቅ ብላ ነው። በአባቴ ቦታ የተተካው ሰው ሚስት ከፈተችልን። እናቴ ማን እንደሆነች ስትናገር ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እታለም መጥታ ነበር። በጥቅምት፣ በእግሯ።

"አሥመራ ተዛውረዋል አልናት፤ አላምን አለች" አለች ሴትዮዋ። "'እህቴ ሳትነግረኝ አትሄድም፤ ለክርስትና ወይ ለለቅሶ ሄደው ይሆናል፣ ይመለሳሉ' እያለች እደጃፉ ተቀመጠች። ግቢ ብንላት፣ ባለቤቶቹ ሳይኖሩ አልገባም አለችን። ካለን አቃምሰናታል፣ እግዜር ያውቃል። ወደ ደሴ ከሚወርዱት ጋር ሂጂ ያሏትም ነበሩ፤ እህቴ መጥታ ብታጣኝስ ትላለች። ኋላ ትኩሳቱ ገባ። ገናን አልደረሰችም።"

እናቴ አላለቀሰችም። መቃብሩን አሳዩኝ አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ አዲስ አፈር ብዙ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ የሆነ ሰው አልተገኘም። ከእያንዳንዱ መቃብር ፊት እየቆመች "አፉ በይኝ እታለም" ስትል፣ ይቅርታ ስትለምን ዋለች። የለመነችው እሷ፤ ያጠፋው ምጽዋ ላይ መነጽር ሲወለውል ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ሲወርዱ አባቴ ቀድሞ ከጮኹት አንዱ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ፣ በሰልፉ፣ የወሎን ረሃብ የደበቁ ለፍርድ ይቅረቡ እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ለፈለፈ። አሁን ደግሞ ወሎዬ ሆነ፤ ወሎዬ መሆን ያስጨበጭብ ነበራ። ጊዜው ነው፣ ሁሉም ፈርቶ ነበር ይሉኛል ዘመዶቼ። ይፍራ። አንድ መንገደኛ ጠርቶ "አሥመራ ሄደዋል በላት" ለማለት ምን ጀግንነት ያስፈልጋል?

አንድ ማታ ከስብሰባ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ወሎ ሲናገር እንባ እንደቀደመው፣ አዳራሹ በሙሉ አብሮት እንዳለቀሰ፣ አንዳንዱም መጥቶ እንዳቀፈው ነገረን። እናቴ ራቱን አቀረበችለት፣ እጁን አስታጠበችው፣ ፎጣውን ሰጠችው።

"ስሟን ጠራህ?" አለችው።

አባቴ ፎጣውን እንደያዘ ቀረ። ወንድሜ "የማንን ስም?" ብሎ ጠየቀ።