አንድ ሲኒ ምርቃት

ትምህርት ቤት የገባሁት ልማር አይደለም፤ ጠርሙስ ላጥብ ነው። በንግሥቲቱ ዘመን ከጊዮርጊስ በታች አራዳ ገበያ፣ አንድ ዘይት ነጋዴ ዘንድ በጣሳ ዘይት ስሰፍር የኖርኩ ሰው ነኝ። «እጁ አይንቀጠቀጥም» ብለው መሰከሩልኝና ወደ ኬሚስትሪ ክፍል ተላክሁ።

አስተማሪው ፈረንጅ ነበሩ። ስማቸው ለምላሳችን ስለከበደ ሁላችንም «ሙሴ» እንላቸው ነበር፤ በፈረንሳይኛ «አቶ» እንደማለት ነው። አማርኛቸው ስብርብር ያለ ነው፤ ቁጣቸው ግን አስተርጓሚ አይሻም።

የመጀመሪያ ቀን ሦስት ነጫጭ ዱቄት ወረቀት ላይ አፈሰሱና «የትኛው ምንድን ነው?» አሉኝ። ይሄማ ምን ይከብዳል ብዬ ጣቴን በምራቄ አርሼ፣ ከአንደኛው ነክቼ ቀመስኩ።

«ጨው ነው» አልኩ።

እጄን ጧ አደረጉት! «ምላስ እዚህ ቤት ሥራ የለውም! መርዝ ቢሆንስ?»

ከዚያ ሎሚ ቆርጠው በየዱቄቱ ላይ አንዳንድ ጠብታ ጣሉ። አንደኛው አረፋ ደፈቀ፤ ሶዳ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ማንኪያ ላይ አድርገው እሳት ላይ ያዟቸው። አንዱ ጠቆረ፤ ስኳር ነው። ሌላው እንደነጣ ቀረ። «አሁን ጨው ነው በል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማላውቀውን ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የምወደው ቡሬት ነበር። ቡሬት ማለት ጎኑ ላይ መስመርና ቁጥር ያለው፣ ከታች መክፈቻና መዝጊያ የተበጀለት ቀጭን ረጅም የመስተዋት ቱቦ ነው። ኮምጣጤውን በብርጭቆ ለክተህ ታስቀምጣለህ፤ አመልካች የሚባል መድኃኒት ሁለት ጠብታ ትጨምርበታለህ። ከዚያ የሶዳውን ውሃ፣ አረፋ የሚደፍቀውን ሳይሆን ሳሙና የሚሠራበትን፣ ከቡሬቱ ጠብ፣ ጠብ ታደርግበታለህ። ምንም ሳይመስል ይቆይና በአንዲት ጠብታ ብርጭቆው ሙሉ ሮዝ ይሆናል። እዚያ ላይ ዘግተህ ቁጥሩን ታነባለህ። ሙሴ ይህን «ቲትራዥ» ይሉታል። እኔም እያየሁ እያየሁ ለመድኩት።

ሥራውን ወደድኩት፤ ሰፈሩ ግን እኔን ጠላኝ። ስሜ ቀርቶ «መርዝ ቤት የሚሠራው» ተባልኩ። ማኅበር ላይ ጠላ ልቅዳ ብዬ ስነሣ፣ አሳላፊ መዳፉ ላይ አፍስሶ ቀምሶ አይደል የሚሰጠው? እኔ ቀምሼም የሚጠጣልኝ የለም። አከራዬ እትዬ ዘነበች ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ይወስዱና «አንተ ተቀመጥ ልጄ፣ ደክሞሃል» ይላሉ። አልደከመኝም ነበር። ጉርሻዬን የሚቀበለኝ ሰው አጣሁ። ሰው መሐል ተቀምጦ ብቻን መሆን ያማል፤ እኔን አሞኛል።

ይህን የሰበረው ተሰማ ነው። ተሰማ የቤተ ክህነት ትምህርቱን ትቶ የመጣ፣ ጢሙን ያወጣ ተማሪ ነበር፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያሉ ጎልማሳ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ብቻዬን ስበላ መጥቶ አጠገቤ ዘፍ አለ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ታጥበዋል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እንግዲያው ያጉርሱኝ። ብሞትም በኬሚስትሪ ነው የምሞተው!»

አጎረስኩት። ዓይኔ እንባ እንዳያሳይ ዞር አልኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አብረን በላን።

ዓመቱ ሲያልቅ ፈተና መጣ። ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች አንዱ ሕክምና ሊማር ባሕር ማዶ ይላካል። ተሰማ «ሐኪም ሳልሆን ይህን ጢም አልላጨውም» ብሎ ምሏል። ፈተናው ሁለት ነው፤ ያልታወቀ ዱቄት መለየትና ቲትራዥ። ዱቄቱን ሁሉም ለዩ። የሚያበላልጠው ቲትራዡ ብቻ ሆነ።

የሶዳውን ውሃ ሁልጊዜ የሚያዘጋጁት ሙሴ ራሳቸው ነበሩ። በፈተናው ዋዜማ ግን ንዳድ ጣላቸው። ብርድ ልብስ ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ፣ «ይህን ያህል ሶዳ መዝን፤ ትልቁ ብልቃጥ ውስጥ ጨምር፤ አንገቱ ላይ እስካለው መስመር ውሃ ሙላ። በቃ» አሉኝ።

መዘንኩ። ጨመርኩ። ልክ መስመሩ ላይ ሞላሁ። ወደ ጠርሙሱ ገለበጥኩና ቆሜ አየሁት። አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ቢያንሳቸውስ? ደግሞም ትልቅ ቀን ነው። አራዳ ገበያ ያደገ እጅ ልክ ሰፍሮ ማቆም አያውቅም፤ ያለ ምርቃት የሸጠ ነጋዴ ደንበኛው አይመለስለትም። አንድ ሲኒ ንጹሕ ውሃ ቀድቼ ከነፍቅሬ ጨመርኩበት። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ሐሙስ ተፈተኑ። ኮምጣጤው ዓመቱን ሙሉ የተለማመዱበት ነው፤ ሁልጊዜ ሃያኛው መስመር ላይ ሮዝ ይሆናል። ተሰማ አንድ ጊዜ ሠራ፣ ቁጥሩን አየ፣ ደፍቶ እንደገና ሠራ። ሦስት ጊዜ ሠራ። ጎኑ ያለው ልጅ «ሃያ በል እንጂ፣ አንተ ሞኝ!» ብሎ ሲያንሾካሹክለት ሰምቻለሁ።

«ሃያ አላለኝማ» አለ ተሰማ። ሃያ አንድ ብሎ ጻፈ።

ሙሴ ከነትኩሳታቸው ተነሥተው ወረቀቶቹን አዩ። አሥራ አንዱ ሃያ ብለዋል። «አንድ ጠብታ ማየት ያልቻለ ዓይን ሐኪም አይሆንም» አሉና የተሰማን ስም ሰርዘው፣ ከአሥራ አንዱ ቀድሞ የጨረሰውን ልጅ ስም ለትምህርት ቤቱ ሹም ጻፉ። ተሰማ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ፤ እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

ከሰዓት በኋላ ቡሬቶቹን ሳጥብ፣ በተረፈው የሶዳ ውሃ እስቲ ልሞክር አልኩ። ሃያ አንድ። ደገምኩ። ሃያ አንድ። ሲኒዋ መደርደሪያው ላይ ተደፍታለች። ያቀጠንኩት እኔ ነኝ! የቀጠነ ሶዳ ብዙ ይፈልጋል፤ ያቺ ትርፍ መስመር የእኔ ምርቃት ናት።

ያኔውኑ መሄድ ነበረብኝ። ግን ፈራሁ። ወደ ዘይት ስፈራህ ተመለስ ይሉኛል አልኩ። ዓርብ፣ ሙሴ አልተሻላቸውም ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁ። ቅዳሜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት ነገርኳቸው።

ሙሴ አልጮኹም። ያንኑ የሶዳ ውሃ በእጃቸው ሠርተው ሃያ አንድ ሲያገኙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አሥራ አንዱ የሚያውቁትን ጻፉ። ያየውን የጻፈ አንድ ሰው ነው፤ እሱን አባረርኩ» አሉ።

ተያይዘን ወደ ሹሙ ጸሐፊ ሄድን። ጸሐፊው በተሰማ ፈንታ የተመረጠው ልጅ ስም ቅዳሜ ከሰዓት ማኅተም አርፎበት መሄዱን ነገረን። «ዓርብ ብትመጡ ምን ችግር ነበረው?» አለ። 

ሙሴ ከሥራ አላስወጡኝም። ምነው ባስወጡኝ ኖሮ! ተሰማን ቤቱ ድረስ ሄደው እውነቱን ነግረውታል፤ እሱ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰም። እኔ አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። ምሳዬን ደረጃው ላይ መብላት ትቼ ክፍሉ ውስጥ ከጠርሙሶቹ ጋር በላሁ።

ጣልያን ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር ላምባ ልገዛ ወደማላውቀው ሱቅ ገባሁ። ከባንኮኒው ወዲያ የቆመው ተሰማ ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል።

ከፊቴ ላሉት ሴትዮ ሰፈረላቸውና ምርቃት ጨመረላቸው። መርቀውት ሄዱ። እኔም ጠርሙሴን ዘረጋሁለት። መስፈሪያውን ሞልቶ ገለበጠልኝና ቆርቆሮውን ከደነ። እጄ በልማድ ጠርሙሱን እንደዘረጋ ቀረ።

«ልክ ነው» አለኝ።

«ተሰማ፣ ያን ጊዜ እኔ...»

«ሙሴ ነግረውኛል፣ ጋሼ። ሲኒዋንማ በዚያው ሳምንት ይቅር ብዬዎታለሁ። መምጣትዎን ነው ስጠብቅ የኖርኩት።»

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ሁላችንንም ይቅር ይበለን» አለና ከኋላዬ ያለውን ደንበኛ ጠራ።

ከእኔ በኋላ ቡሬት ለምትይዙ፦ የብልቃጡ አንገት ላይ መስመር አለ። እዚያ ስትደርሱ አቁሙ። ካለፋችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ።