ያዞርኩት ነጠላ

ሳምንት ስንወድ! እኔ የማስተምርበት የሴቶች ትምህርት ቤት ሳምንት ሳይሰይም የሚያልፈው ወር የለም። የሳይንስ ሳምንት፣ የንባብ ሳምንት፣ የንጽሕና ሳምንት። ከሁሉም ትልቁ ግን የባህል ሳምንት ነው። በመጨረሻው ቀን ወላጆች ከየገጠሩ ይመጣሉ፣ ልጆቻቸው ይዘፍናሉ፣ ይተውናሉ፣ እኛም ፎቶ እናነሳለን። የዚያን ዓመት አዘጋጇ እኔ ነበርኩ። ዝግጅት ላይ ደግሞ ጠባዬ አይቻልም፤ ተማሪዎቼም ያውቁታል፣ ባሌም ያውቀዋል።

ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ የተማሪዎቹን ነጠላ ሳስተካክል ነበር። የዛሬ ልጅ ነጠላ መልበስ የት ያውቃል? ግማሾቹ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው፣ አዘቅዝቀው ይመጣሉ። «ማን ሞቶባችሁ ነው? ይኼ የሐዘን አለባበስ ነው እኮ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ጥለቱን ወደ ታች እያዞርኩ አለብሳቸዋለሁ። እጄ ሥራውን ለምዶት ነበር።

ወላጆች ለፎቶ ሲደረደሩ አንዲት የገጠር እናት ወደ እኔ መጡ። የክፍሌ ጎበዝ ተማሪ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማለች። «መምህርት፣ አንዲት ነገር ላነጋግርዎ ነበር» አሉኝ። «ቆይ እናቴ፣ ከፎቶው በኋላ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አየሁ፤ ተዘቅዝቋል። ጥቁር ሻሻቸውንም አይቻለሁ። አየሁና ለፎቶ አያምርም ብዬ አሰብኩ። በገዛ እጄ ነጠላውን ከትከሻቸው አንስቼ፣ አዙሬ አለበስኳቸው፤ ሻሹንም በጫፉ ሸፈንኩት። እሳቸውም ትከሻቸውን ሰጥተው ቆሙልኝ። ልጅቷ «ቲቸር፣ እናቴ እኮ...» ስትል «ዝም ብለሽ ቁሚ!» አልኳት። ሌሎቹ እናቶች እልል ሲሉ ፎቶው ተነሳ።

ፎቶውን ያንኑ ዕለት በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ለቀቅኩት። ሴትየዋ ሊነግሩኝ የፈለጉትን ሳይነግሩኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ ሄዱ።

ሰኞ ልጅቷ ቀረች። ማክሰኞም ቀረች። ጓደኛዋን ጠርቼ ብጠይቃት አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረችኝ። የልጅቷ አባት ከሞተ ገና አርባው አልወጣም። አባቷ መሞቱን እኔም አውቅ ነበር! ክፍሉ በሙሉ ለቅሶ ሲሄድ «ዝግጅቱን ማን ይሠራዋል?» ብዬ የቀረሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ ደርሼ ቢሆን የእናትየዋ ሐዘን ትዝ ይለኝ ነበር። የአባቷ ወንድም ከሞቱ ጀምሮ «ትምህርቱ ይብቃት» ሲል ከርሟል። እናትየዋ ለካ ያን ቀን የመጡት ለበዓሉ አይደለም፤ እባክዎ መጥተው አጎቷን ያነጋግሩልኝ ሊሉኝ ኖሯል። ያ ፎቶ ደግሞ እነሱ በሚገበዩበት በወገዳ ገበያ ላይ ከስልክ ስልክ ዞረ። የባሏ አርባ ሳይወጣ ነጠላዋን አሳምራ እልልታ መሀል የቆመች ሴት! አጎትየውም «ወንድሜን እንዲህ ካዋረደች ልጅቷን እኔ አሳድጋለሁ» ብሎ ቤቱ አስቀራት።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሌላ አገር ያደገች መምህር ብትሆን አላወቀችም ይባልላታል። እኔ እዚሁ እስቴ ተወልጄ ያደግኩ፣ አባቴ ሲሞት ነጠላዬን አዘቅዝቄ የከረምኩ ሴት ነኝ።

ቅዳሜ ተነስቼ ወደ ገጠሩ ሄድኩ። መኪና የማይገባበት መንገድ ነው። «እኔ ነኝ ያዞርኩት፣ ይቅር በሉኝ» የሚለውን ለራሴ እየደጋገምኩ በእግሬ ሄድኩ። አጎትየው ተቀብሎ ጠላ አስቀዳልኝ፤ እናትየዋም ተጠርተው መጡና በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«መምህርት፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ አጎትየው። «ነጠላዋን ያስዞራት ትምህርት ቤቱ ነው? እንዲያ ከሆነ ልጅቷ ዳግመኛ እዚያ ደጅ አትደርስም።»

አፌን ከፈትኩ። እናትየዋ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ! ልጄ በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ራሴ ነኝ ያዞርኩት። ለንስሐ አባቴም ተናግሬ ስግደት ተሰጥቶኛል። ልጅቷ ምን አደረገች? መምህሯስ ምን አደረጉ?» አሉና አዩኝ። ዓይናቸው ዝም በይ ይላል።

ዝም አልኩ። ለልጅቷ ብዬ ነው ማለት እችላለሁ፤ ግን ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ደግሞም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ፤ እናንተ ሆዬ፣ ደስ አለኝ! አጎትየውም «እንግዲያስ ልጅቷ ምን በደለች፤ ከእናቷ ጋር ሆና ትማር» አለ። ወደ እኔም ዞሮ «ይኼን ሁሉ መንገድ ለሰው ልጅ ብለው የመጡ! እንደ እርስዎ ያለውን ያብዛልን» ብሎ መረቀኝ። አሜን አልኩ። ሳላፍር፣ አሜን!

ሰኞ ልጅቷ መጣች። ክፍል ሳትገባ በሩ ላይ ጠብቄ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አልኳት።

«ደህና ናት» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። «ዛሬም ስትሰግድ ትቻት ነው የመጣሁት።»

ደብተሯን አቅፋ አልፋኝ ገባችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።