የዘለልኳት መስመር

«አንቺን እስር ቤት ያስተማረሽ ክርክር ብቻ ነው» አሉኝ ጋሼ፣ ሱፐርቫይዘራችን፣ ፊት ለፊቴ።

«ማንበብ እኮ ነው ያስተማረኝ» አልኳቸው።

በስደት አገር፣ ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር፣ የመኪና ዕቃ በኬሚካል የምናጥብበት ወርክሾፕ ውስጥ ነን። ጋሼ የሰጡኝ ወረቀት፣ አብረውኝ የሚያጥቡት የእትዬ ዓይን ከመቀጠራቸው በፊት የታመመ ነበር ይላል። ምስክር ሆነሽ ፈርሚ ተብያለሁ።

አዲስ አበባ የታሰርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ወረቀት በትነሻል ተብዬ ነው። የታሰርኩባት ክፍል እርጥብ ፍራሽና ሽንት ትሸታለች። ዘጠኝ ሴቶች በጎናችን ነው የምንተኛው፤ አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። አዲስ ገቢ ስለሆንኩ የሽንት ባልዲው አጠገብ ተመደብኩ።

ከጎኔ የአበባ እርሻ ሠራተኛ ነበረች። ሦስት ዓመት ያለ መከላከያ መነጽር የተባይ መድኃኒት ረጭታለች። ዓይናችን ጠፋ ብላ የእርሻውን ሴቶች ይዛ በሩ ላይ ስለቆመች፣ አድማ መርታለች ብለው አሰሯት። እኔን የምትለየኝ በድምፄ ነበር።

አንድ ጠዋት ፖሊሱ ወረቀት ይዞ መጣ። «ፈርሚና ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቷ ብርሃን አንስታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ሦስተኛዋ መስመር ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ታማሚ ነው ትላለች። ልጆቿን ታግኝ ብዬ ዘለልኳት።

«አራት መስመር ነው» አለችኝ። «ሦስት ነው ያነበብሽው።»

ፊደሉ አይታያትም፤ ጥቁር ጥቁሩን መስመር ግን ቆጥራዋለች።

«ያው ነው፣ ፈርሚና ውጪ በቃ» አልኳት።

«ዓይኑ የኔ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ? አንብቢ!»

አነበብኩላት። ወረቀቱን አጣጥፋ ለፖሊሱ መለሰችለት። «ስቀጠር መርፌ ውስጥ ክር አስገባ ነበር» አለችው።

በሩ ተዘጋ። እኔ ከእሷ በፊት ተፈታሁ። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም።

ጋሼ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እህቴ፣ ፎርም ነው እኮ። ሺፍትሽን ካንስል እንዳላደርገው።»

እትዬ ማጠቢያው ገንዳ ጋ ቆመው እንባቸውን በክርናቸው ይጠርጋሉ። ወረቀቱን አንስቼ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዲት መስመር አልዘለልኩም።

«ስቀጠር እኮ ታርኔት ካለው ቤቴ ድረስ ራሴ እየነዳሁ ነበር የምመጣው» አሉ።

ጓንቴን አውልቄ ያልፈረምኩበት ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ቦርሳዬን አንስቼ፣ የእትዬን ክንድ ይዤ ወደ ባስ ፌርማታው ወጣሁ።